ቃለ ጉባኤ

ጥር ነው፣ ሞንታና። በረዶው መስኮቱን እስከ ወገቡ ውጧል፤
አዳራሹ እርጥብ ካፖርት ይሸታል፤ ሰው መቀመጫ አጥቷል።
እኔ ጥግ ላይ ነኝ፣ ጣቶቼ ከቁልፍ፤
ሥራዬ መስማት ነው፣ የሰሙትን መጻፍ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮ ሆኜ ኖሬ
ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ እስከ ዛሬ።

የዕለቱ ክርክር አንዲት ሐረግ ናት ብቻ፤
ትግባ ወይስ ትውጣ፣ ከሪፖርቱ ዳርቻ።
ገጽ ዐሥራ አራት ላይ፦ «ክርስቲያን አክራሪ»፤
አንዱ ወገን ጠሪ፣ አንዱ ወገን ፈሪ።

ሴናተር ሃርላን ቮስ መነጽሩን አወለቀ፤
ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን አደመቀ።
«መስቀል ያንጠለጠለ ሁሉ የክርስቶስ አይሆንም፤
እንክርዳድ ነው፤ ስንዴው ስለ እንክርዳድ አይጠየቅም።
አናውቀውም።»
ጻፍኩ፦ አናውቀውም።

ያ ልጅ ኬንድል ራስክ ነው፤ በጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት
ከሴቶች ክሊኒክ ደጅ የወረደ፣ ጠመንጃ ይዞ በጃንጥላ ከረጢት፤
ሰደፉ ላይ መዝሙር ጽፏል፣ በነጭ ቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት፤
ዘበኛውን ጥሎ፣ በሩ ላይ ተንበርክኮ ነው ያገኙት፣ በጸሎት።

ኤኒሳ ሃዚች ተነሣች፣ ከገበያው ዳር ስፌት ቤት ያላት፤
የቦስኒያ ሰው ናት፣ ልጅ ሳለች ጦርነት ያሳደዳት።
«ሩቅ አገር ቦምብ ሲፈነዳ፣ ደንበኞቼ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው
‹የናንተ ሰው ነው ወይ?› ይሉኛል፣ መርፌዬን አይተው።
‹አላውቀውም› እላለሁ፣ ምራቄ እስኪደርቅ፤
ያችው ቃል ከእርስዎ አፍ ስትወጣ ለምን ይሆን የማታንቅ?
እኔ ስላት ‹አስረጂ› እባላለሁ፤
እርስዎ ሲሏት ‹አሜን› ሲባል እሰማለሁ።»

ቮስ ቀላ። «ሐዘንዎን አከብራለሁ፤ የኛ ነገር ግን ሌላ ነው፤
መጽሐፋችን ሰይፍህን ወደ ሰገባው ይላል፤ የገደለ ከደጅ ነው።
አናውቀውም።»
ጻፍኩ። ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ከማዶ ወጣቱ ተወካይ፣ ትሬንት ኦልሴት፣ ጠረጴዛ መታ፤
«እንግዲያው ጥፋቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከጉልላት እስከ ወለል፣ ያለ ይቅርታ!»
ለእርሱም ጽሕፈቴ ያው ነው፤ ጣቴ አይፈርድም፤
የምርጫ ቅስቀሳ ሽታ ደግሞ በቁልፍ አይመታም።

መጨረሻ ላይ ሎርና ፔልቲየር፣ የዘበኛው ሚስት፣ ቀረበች፤
ወረቀት የላትም፤ ከቦርሳዋ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣች።
«የኤልድን የቀኝ ጆሮ» አለች፣ መስሚያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፤
«ሲሰጡኝ ገና ያፏጭ ነበር፤ ባትሪው አልወጣ።
እንክርዳድ ነው ካሉም ይሁን፤
ማሳው የኛ ነው፤ ውሃውም ከኛ ጉድጓድ ወጣ።

ኬንድልን እናውቀዋለን። እሑድ እሑድ ሙዳየ ምጽዋት አዟሪ ነበር፤
ሁለት ዓመት ከኋላችን፣ አራተኛው ረድፍ ወንበር።
ባሌን መዝሙሩ ሲያመልጠው ቁጥሩን በጣቱ ያሳየው እርሱ ነው፤
ደጄን ከበረዶ የጠረገልኝ፣ ሳልለምነው፣ እርሱ ነው።

ጴጥሮስ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ሲቆርጥ
ከማዕዱ ተነሥቶ ነበር፤ ኅብስቱን ገና ሳይውጥ።
ጌታ ጆሮውን መለሰ፤ ሰይፉን ክተት አለ፤
‹ይህን ሰው አላውቀውም› ግን አላለ።
ያንን ያለው ማን ነበር፣ ሴናተር፣ እሳት ሲሞቅ?
እርስዎ ያውቁታል፤ እኔን ማን ይጠይቅ።»

ዝምታ ቁልፍ የለውም፤ በቅንፍ ነው የምናልፈው።
የማሞቂያው ቧንቧ አንኳኳ፤ ማን እንደሚከፍትለት እንጃ።
«እናዝናለን፣ እመቤት» አለ ቮስ፤ «ግን አናውቀውም።»
ሦስት።
በጥር፣ በአራተኛ ፎቅ፣ ዶሮ አይጮኽም።

አምስት ለአራት። ሐረጓ ወጣች፤
በቦታዋ «ግለሰብ» የምትል ቃል ገባች።
ሎርና ጆሮውን አንሥታ፣ ከረጢቱን አጥፋ፣ ሄደች።

ከመዝገብ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ልናገረው፤
አምስተኛው ረድፍ የኔ ነው።
በመስከረም፣ ከትምህርቱ በኋላ፣
«አንዳንዱን እግዜር በኛ እጅ ነው የሚነቅለው» አለ ኬንድል፣ እየሳቀ፤
ሁላችን ሰማን። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ጨዋታው ዘለቀ።
እኔ፣ እንጀራዬ መስማት የሆነው፣
ያን ቀን ጣቴ አልተነቃነቀ።

ወንበሩ አሁን ባዶ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም፤
ብርድ ስለሆነ ካፖርታችንን እንከምርበታለን፤
ሲንሸራተት መልሰን እናነሣለን፤
ስሙን አንጠራም።